ፋየርፍላይ፦ አንዱ የሚያብድለት፣ ሌላው ሁለት ክፍል አይቶ የሚተወው የጠፈር ካውቦይ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

"ፋየርፍላይን እየው" ያልኩት ሰው ሁሉ ከሁለት አንዱን ነው የሚያደርገው። ወይ በሦስተኛው ቀን ደውሎ "ሲዝን ሁለት የታለ?" ይለኛል፣ ወይ ሁለት ክፍል አይቶ "ፈረስና መንኮራኩር ባንድ ላይ? ደህና ነህ?" ብሎ ይስቅብኛል። መሃል የሚቆም ብዙም አላጋጠመኝም። እኛ ቤት ራሱ ነገሩ እንዳልተፈታ ነው። እኔ አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ አንዱንም ክፍል ሳይሳደብ ጨርሶ አያውቅም። የሚጠይቁኝ ነገር ሁሌ ተመሳሳይ ስለሆነ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ፋየርፍላይ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ ነው፣ በኋላ ፊልምም ተሠርቶለታል። የፊልሙን መጨረሻ አላበላሽባችሁም። ከተከታታዩ ግን እዚህም እዚያም አንዳንድ ነገር ያመልጠኛል፣ ከወዲሁ ይቅርታ።

ለማያውቀው ሰው፣ ታሪኩ ምንድነው?

ዘመኑ 2517 ነው። የሰው ልጅ መሬትን አሟጦ ጨርሷት ወደ ሌሎች ፕላኔቶችና ጨረቃዎች ተሰዷል። መሃል ያሉት ሀብታም ናቸው፤ ሆስፒታሉ፣ ፎቁ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፖሊሱ እዚያ ነው። ዳር ያሉት አቧራ፣ ከብትና ሽጉጥ ናቸው። "አሊያንስ" የሚባለው የመሃሉ መንግሥት ዳሩንም ጠቅልዬ ልግዛ አለ፣ ዳሮቹ እምቢ አሉ፣ ጦርነት ሆነ፣ ዳሮቹ ተሸነፉ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ስድስት ዓመት ቆይቶ ነው። ከተሸናፊዎቹ አንዱ ማልኮም ሬይኖልድስ፣ ባጭሩ ማል፣ አሮጌ የጭነት መንኮራኩር ገዝቶ ይሠራል። ሕጋዊ ጭነት ሲገኝ ሕጋዊ፣ ሲጠፋ ኮንትሮባንድ፣ ሲብስ ዝርፊያ። መንኮራኩሯን "ሴሬኒቲ" ብሏታል። ጓዶቹ ያለቁበት ሸለቆ ስም ነው። ሰውየው ቁስሉን ስም አድርጎ በራፉ ላይ ለጥፎታል ማለት ነው።

ሴሬኒቲን ለማወቅ አሮጌ አይሱዙ አስቡ። ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድላታል፣ የመለዋወጫ ብር የለም፣ ጭነት የሚገኘው በደላላ ነው፣ ደላላው ደግሞ አይታመንም። ውስጧ ዘጠኝ ሰው አለ፦ ካፒቴኑ፣ በጦርነቱ አብራው የተዋጋችው ዞይ፣ ባሏ ፓይለቱ ዋሽ፣ ሞተሩን እንደ ሕፃን የምታባብለው መካኒክ ኬይሊ፣ ለከፈለው ሁሉ የሚተኩሰው ጄይን፣ ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ኢናራ፣ ሽማግሌው ሰባኪ ቡክ፣ በመጨረሻም ዶክተር ሳይመንና ከመንግሥት ላብራቶሪ አስመልጦ የደበቃት እህቱ ሪቨር።

ስፔስ ዌስተርን ማለት ምንድነው? ፈረስ ጠፈር ላይ ምን ይሠራል?

የካውቦይ ፊልም ነው፣ በረሃው ወደ ጠፈር የተዛወረ። ሕግ ያልደረሰበት ዳር አገር፣ ሽጉጥ የታጠቀ ብቸኛ ሰው፣ ባቡር ዝርፊያ፣ ሁሉም አለ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጂን ሮደንቤሪ በ1964 (ቀንና ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ስታር ትሬክን ለቴሌቪዥን ሰዎች ሲያስተዋውቅ በዘመኑ ከታወቀ የሠረገላ ጉዞ ዌስተርን ጋር እያመሳሰለ ነበር። ልዩነቱ እዚያ ካውቦዩ ተደብቋል፤ ፋየርፍላይ ላይ ግን ቆቡም፣ ፈረሱም፣ ጊታሩም ሳያፍር ወጥቷል። መንኮራኩሯ አንዴ ከብት ጭና ትሄዳለች፣ የምር ከብት፣ እበቱ ሳይቀር።

ለፈረሱ መልስ አለው፦ ከመሬት ሺህ መንደር ርቀህ ስትሰፍር ሞተር የሚጠግንልህ የለም፣ ነዳጅም የለም፣ ፈረስ ግን ሣር በልቶ ይወልዳል። ለእኔ በቂ ነው። ወንድሜ አይቀበለውም። "መንኮራኩር ያለው ሰው ትራክተር አያጣም" ይላል፣ እውነት ለመናገር እኔም መልሱ ጠፍቶኝ ያውቃል።

ለምን ተቋረጠ? ሰው ስላልወደደው ነው?

ይሄ ላይ ወዳጆቹ ሲጀምሩ አያቆሙም፣ እኔም ጨምሮ።

የተከታታዩ ፈጣሪ ጆስ ዊደን ለፎክስ ጣቢያ የሠራው የመጀመሪያው ክፍል የሁለት ሰዓት ነበር። ቀስ ብሎ ዘጠኙንም ሰው የሚያስተዋውቅ። የጣቢያው ኃላፊዎች ቀዘቀዘባቸው፣ ሌላ ሞቅ ያለ መክፈቻ አምጣ አሉት። ዊደንና የሥራ ባልደረባው ቲም ማይኒር በአንድ የሳምንት መጨረሻ "ዘ ትሬይን ጆብ"ን ጻፉና እሱ በመስከረም 20 ቀን 2002 አርብ ማታ ቀረበ። ከዚያ ክፍሎቹ ከታሰበው ቅደም ተከተል ውጭ ተበታትነው ታዩ። አርብ ማታ ደግሞ ወጣቱ ውጭ ነው። ዋናው መክፈቻ የታየው መቼ መሰላችሁ? ታኅሣሥ 20፣ ተከታታዩ እንደቀረ ከተነገረ በኋላ፣ የመጨረሻ ሆኖ። ሰው ከተሸኘ በኋላ ስሙን እንደመንገር ነው። ከተቀረጹት 14 ክፍሎች 11ዱ ብቻ ነው ጣቢያው ያሳየው።

ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው። በአማካይ 4.7 ሚሊዮን ተመልካች፣ በደረጃ 98ኛ። ለዚያ ዘመን ትልቅ ጣቢያ፣ ለዚያ የሚያህል ወጪ፣ ደካማ ነው። ስለዚህ "ጣቢያው ገደለው" የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ በትክክል ቢቀርብም ስንቱ ይመጣ ነበር የሚለው ነው፣ እሱን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም።

ጠቡ በሙሉ ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ወዳጆቹ የሚያፈቅሩት እነዚያን 14 ክፍሎች ብቻ አይደለም፣ ያልተሠሩትን ስድስት ሰባት ሲዝኖች ጭምር ነው። የማይወዱት ደግሞ የሚፈርዱት ባዩት ላይ ነው። አንዱ ስለ ሕልሙ ያወራል፣ ሌላው ስለ ሳጥኑ። በለጋነቱ የተቀጨ ልጅ ሁሉ ሐኪም ሊሆን ነበር ይባላል አይደል? እንደዚያ ነው።

ታዲያ በየትኛው ቅደም ተከተል ልየው?

"ሴሬኒቲ" ከሚለው ባለ ሁለት ሰዓቱ ክፍል ጀምሩ፣ በቃ። በታኅሣሥ 2003 የወጣው ዲቪዲ በትክክለኛው ተራ ነው፣ ያልታዩትን ሦስቱንም ይዟል። እንደ ቲቪው ተራ ካያችሁ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ሳይገባችሁ ነው የምትጨርሱት። "አይቼ ጠላሁት" የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ከየት እንደጀመረ ነው።

"ሴሬኒቲ" የሚባል ፊልምም ስላለ ይምታታል፤ ፊልሙ መጨረሻ ነው የሚታየው። የመንኮራኩሯም፣ የሸለቆውም፣ የመጀመሪያው ክፍልም፣ የፊልሙም ስም አንድ ነው። ስም አልቆባቸው ነበር መሰለኝ።

ወዳጆቹ ምኑን ነው እንዲህ የሚወዱት?

የሰዎቹን ወሬ። ምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲቀላለዱ፣ ሲነካከሱ፣ አንዱ የሌላውን ድርሻ ሲያነሳ፣ ቤተሰብ ነው የሚመስሉት። የመንኮራኩሯ ውስጥ እንደ ሙሉ ቤት ነው የተሠራው፣ ሁለት ፎቅ በሁለት ትልልቅ መቅረጫ አዳራሾች፤ ስለዚህ ካሜራው ሰው ተከትሎ ከክፍል ክፍል ሳይቋረጥ ይሄዳል። ሁለት ክፍል ካያችሁ በኋላ ወጥ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ጠፈር ላይ ድምፅ የለም፤ ይሄም ብዙ ሰው ይማርከዋል። መንኮራኩር ሲያልፍ ዝም፣ ሲፈነዳ ዝም። አየር ከሌለ ድምፅ የለም፣ ፊዚክሱ እንደዚያ ነው፣ ግን ስንቱ ፊልም ነው የሚያከብረው? ካሜራውም ሆን ብሎ ይንቀጠቀጣል፣ ዙም አድርጎ ይስታል፣ ይመለሳል፣ አንድ ሰው እዚያ ቆሞ እየቀረጸ ያለ ይመስል። የእይታ ቅንብሩ በ2003 ኤሚ ሽልማት አግኝቷል።

አንድ ክፍል ብቻ ምረጥ ብትሉኝ "አውት ኦፍ ጋዝ" ነው፣ ያውም ሳላመነታ። ሞተሩ ላይ አንዲት ዕቃ ትበላሻለች። በጣም ትንሽ ዕቃ፣ መለወጥ ሲገባት "ትቆይ" ተብላ የታለፈች። አየሩ ማለቅ ይጀምራል። ማል ሁሉንም በትንንሽ መንኮራኩሮች አሳፍሮ ይሸኝና ብቻውን ይቀራል። ታሪኩ በሦስት ጊዜ እየተፈራረቀ ይሄዳል፦ አሁን ቆስሎ ዕቃዋን በእጁ ይዞ በደረቱ ሲሳብ፣ ከሰዓታት በፊት የሆነው፣ ከዓመታት በፊት እያንዳንዱ ሰው እንዴት ወደ መንኮራኩሯ እንደመጣ። ቀለሙ እንኳን ይለያያል፤ የድሮው ሞቅ ያለ ቢጫ፣ የአሁኑ ቀዝቃዛ ሰማያዊ። መጨረሻው ላይ አንድ ሻጭ ስለ አንዲት መንኮራኩር ይለፈልፋል፣ ይለፈልፋል። ማል አይሰማውም። ዞር ብሎ ወደ ሌላ ነገር ነው የሚያየው። ካሜራው ያሳየናል፣ ያልቃል። ያገለገለ መኪና ልገዛ ሄጄ ሻጩ የሚያሳየኝን ትቼ ጥግ ላይ የቆመችውን ያየሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። መኪናዋም በሁለተኛው ወር ተበላሸች።

ያልወደዱትስ ምን ይላሉ?

በአጭሩ የምሰማቸው እነዚህ ናቸው። ቀልዱ በዝቷል፣ ሰው ሊሞት ሲልም ይቀለዳል። ሁሉም ገጸ ባሕሪ አንድ ዓይነት ብልጥ አነጋገር አለው፣ አንድ ሰው ስለሆነ የጻፋቸው። ሳይንሱ ልል ነው፦ ያን ሁሉ ፕላኔት ምን ዓይነት ፀሐይ ነው የሚያሞቀው? ለሪቨር ታሪክ መልስ ሳይሰጥ ይጎትታል። የመክፈቻው ዘፈን ደግሞ፣ ወንድሜ እንደሚለው፣ "ከብት የጠፋበት ሰው እንጉርጉሮ" ነው። ዘፈኑን የጻፈው ዊደን ራሱ ነው፣ የዘፈነው ሶኒ ሮድስ የተባለ የብሉዝ ሰው። እኔ እወደዋለሁ፣ ግን አትዝለሉት ብዬ ማንንም አላስገድድም።

የቀልዱ ወቀሳ ላይ ግን በከፊል እስማማለሁ። በ2002 አዲስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ የጀግና ፊልሞች ሁሉ በዚሁ አነጋገር ተሞሉ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ልጅ "ይሄማ የተለመደ ነው" ቢል አይፈረድበትም።

ማል ጀግና ነው ወይስ ሌባ?

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ እዚህ ላይ ብዙ ይጨነቃሉ። እኛ ግን ቃል አለን፦ ሽፍታ። ሽፍታ መንገደኛ ይዘርፋል፣ ግን ሌባ ብቻ ብለን አንተወውም፤ ተበድሎ፣ ተሸንፎ ወይ አልገዛም ብሎ ጫካ የገባም ሽፍታ ነው። አፄ ቴዎድሮስም ከመንገሣቸው በፊት ቋራ ውስጥ ሸፍተው ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ባንድ ጊዜ ዘራፊም ባለ ክብርም ሊሆን እንደሚችል ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ማል ያ ነው። ጫካው ጠፈር ሆነ እንጂ።

"ዘ ትሬይን ጆብ" ላይ ኒስካ የሚባል ጨካኝ ሽማግሌ ባቡር እንዲዘርፍ ይቀጥረዋል። ይዘርፋል። በኋላ ሲታወቅ ዕቃው መድኃኒት ነው፣ አጥንታቸውና ጡንቻቸው ለታመመ የማዕድን ሠራተኞች የተላከ። ይመልሰዋል። እዚህ ድረስ ጀግና ነው። ከዚያ የኒስካ ሰዎች ይመጣሉ፣ ውጊያ ይሆናል፣ ይያዛሉ። ማል ከሞተሩ ፊት ለፊት አለቅየውን አስቁሞ፣ ሰውየው እጁ ታስሯል፣ ብሩን ይመልስለታል፤ "ለጌታህ ስጥ፣ እዳ የለብንም" ዓይነት ነገር ይለዋል። ሰውየው ግዙፍ ነው፣ ፊቱ ላይ ንቅሳት አለ። የትም ብትገባ አድኜ እገድልሃለሁ ብሎ ይዝትበታል። ማል ተንፈስ ይላል። ከዚያ በእግሩ ገፍቶ ወደሚዞረው ሞተር ይከተዋል። ወዲያው ሁለተኛው ይቀርባል፣ ማል ያንኑ ንግግር ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ሰውየው ሳያስጨርሰው ተስማምቻለሁ ይላል።

መጀመሪያ ሳየው በሳቅ ከሶፋው ልወድቅ ነበር። ወንድሜ ሪሞቱን አንስቶ አጠፋው። "እጁ የታሰረ ሰው!" አለኝ። የካውቦይ ፊልም እያየ ያደገ ሰው ነው፣ ለእሱ አክተሩ የታሰረ ሰው አይነካም፣ ሽጉጥ የሚመዘው ከወንበዴው በኋላ ነው። ሕጉ ያ ነው። የዚያን ቀን ማታ ራት ላይ አልተነጋገርንም ብል ማጋነን ነው፣ ግን ጨው አቀብለኝ ያለኝ በምልክት ነበር።

አሁን ሳስበው እሱም ልክ ነበር። ትዕይንቱ የተጻፈው አንዱ እንዲስቅ፣ ሌላው እንዲደነግጥ ነው። ኬይሊ ብታይ ምን ትል ነበር ብሎ ማሰብም አይከፋም።

የአሜሪካ ደቡብ ተገንጣዮችን ያቆነጃል የሚባለው እውነት ነው?

ከባዱ ወቀሳ ይሄ ነው፣ ከንቱም አይደለም። ዊደን ሐሳቡ የመጣለት ስለ ጌቲስበርግ ውጊያ የተጻፈ ልብ ወለድ ካነበበ በኋላ እንደሆነ ተናግሯል። ጌቲስበርግ በ1863፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ደቡቦቹ ክፉኛ የተመቱበት ነው። ፋየርፍላይ ላይም ትልቁ መንግሥት "አንድ እናድርግ" ይላል፣ ቡናማ ካፖርት የለበሱት ተገንጣዮች ይሸነፋሉ፣ ማልም ያንን ካፖርት አያወልቅም። አሜሪካዊ ተመልካች፣ በተለይ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ይህንን ሲያይ የሚያስታውሰው ደቡቦቹ ከሽንፈት በኋላ ለራሳቸው የፈጠሩትን ተረት ነው፦ የተዋጋነው ለነፃነት ነው የሚለውን፣ ባርነትን ደብቆ።

ተከላካዮቹ መልስ አላቸው። "ሺንዲግ" የሚለው ክፍል ሲከፈት ማል ፑል እየተጫወተ ነው፤ አብረውት የሚጫወቱት ባሪያ ነጋዴዎች መሆናቸውን ሲያውቅ ኪሳቸውን ያወልቃል። የቅርብ የትግል ጓዱ ዞይም በጥቁር ተዋናይት፣ በጂና ቶሬስ፣ ነው የተሠራችው።

እኔ ሁለቱንም ሰምቼ የምለው፦ ችግሩ የጦርነቱ ምክንያት ባዶ መሆኑ ነው። ማል ለምን እንደተዋጋ አናውቅም፣ "አትንኩኝ" ከማለት በቀር። ከእውነተኛ ጦርነት ልብሱን ወስደህ ምክንያቱን ከተውክ፣ ተመልካቹ ክፍተቱን በሚያውቀው ይሞላዋል። ዳር አገር ላይ የሚታዩት "ሪቨር" የሚባሉት አውሬ መሰል ወራሪዎችም (ከልጅቷ ስም ጋር አይምታታ፣ በእንግሊዝኛ ሌላ ቃል ነው) የድሮ ዌስተርኖች ነባሩን የአሜሪካ ሕዝብ ያሳዩበት የነበረውን መንገድ ያስታውሳሉ። ፊልሙ ስለ አመጣጣቸው ሌላ ታሪክ አምጥቶ ነገሩን ትንሽ አርሞታል።

ሁሉም ቻይንኛ እየተሳደበ ቻይናዊ የታለ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጥሩ መልስ የለውም። በታሪኩ መሠረት አሜሪካና ቻይና ተዋህደው ነው ያ ሥልጣኔ የተፈጠረው። ስለዚህ ጽሑፉ ቻይንኛ፣ አለባበሱ የእስያ፣ ስድቡ ማንዳሪን። ስድቡ ለቲቪ ሳንሱርም ተመችቷል። ከዘጠኙ አንድም እስያዊ ግን የለም። የሳይመንና የሪቨር የቤተሰብ ስም "ታም" ነው፣ ቻይናዊ የሚመስል፣ ተዋናዮቹ ግን ነጮች። ቻይንኛ የሚችሉ ሰዎች ደግሞ አነጋገሩን ሲሰሙ ይስቃሉ። እዚህ ላይ ወዳጆቹ ቢከራከሩም አላግዛቸውም።

ኢናራ ላይ ያለው ጭቅጭቅ ምንድነው?

ኢናራ "ኮምፓኒየን" ነች። በዚያ ዓለም ለገንዘብ ከወንድም ከሴትም ጋር መተኛት ማኅበር ያለው፣ ፈቃድ ያለው፣ የተከበረ ሙያ ነው፤ ደንበኛዋን የምትመርጠውም እሷ ነች። አንዳንዱ ይህንን እንደ ነፃነት ያየዋል። ሌላው ግን ማል በየክፍሉ በስድብ ቃል ሲጠራት፣ እኛም እንድንስቅ ሲፈለግ፣ "ክብሩ የታለ?" ይላል። በሁለተኛው ጎን ነኝ። ተዋናይቷ ሞሪና ባካሪን በጨዋነት ባትሠራው ኖሮ ገጸ ባሕሪዋ አትቆምም ነበር።

ፊልሙስ? ሁሉንም ይመልሳል?

ሁሉንም አይደለም። ዲቪዲው በደንብ ስለተሸጠና ወዳጆቹ ስላልተዉት ዩኒቨርሳል ገንዘብ አወጣ፣ በመስከረም 2005 "ሴሬኒቲ" ወጣ። ወጪው ወደ 39 ሚሊዮን ዶላር፣ በዓለም ዙሪያ ከሲኒማ የገባው ወደ 40 ሚሊዮን። ሲኒማ ቤቶች ድርሻቸውን ስለሚወስዱ ይህ ኪሳራ ነው። በ2006 ለሳይንስ ልብ ወለድ የሚሰጠውን ሁጎ ሽልማት ወሰደ፣ ሁለተኛ ፊልም ግን አላስገኘም።

የሪቨርን ታሪክ በደንብ ይዘጋል። ግን የሰባት ዓመት ታሪክ በሁለት ሰዓት ስለታጨቀ አንዳንድ ሰው ስሙን እንኳን ሳይናገር ያልፋል። ማን ይሞታል ለምትሉኝ፣ አልናገርም። እኔ ሲኒማ ሳልሄድ ቤት ነው ያየሁት፣ እዚያች ትዕይንት ላይ ግን ቆሜ ነበር የጨረስኩት።

ስለ ዊደን የተሰማው ነገር የተመልካቹን ሐሳብ ቀይሯል?

ብዙ ሰው ላይ አዎ። በ2020 እና በ2021 በሌሎች ሥራዎቹ ላይ አብረውት የሠሩ ተዋናዮች በሥራ ቦታ በደል አድርሶብናል ብለው በአደባባይ ተናገሩ፤ እሱ ብዙውን አልተቀበለም። ዞይንና ኬይሊን ስለጻፈ "ሴቶችን የሚያከብር ጸሐፊ" ተብሎ ሲሞገስ የኖረ ሰው ስለሆነ አንዳንዱ ወዳጅ ዲቪዲውን መደርደሪያ ላይ አዙሮ አስቀምጦታል። ሌላው ደግሞ የተዋናዮቹም፣ የካሜራ ሰዎቹም፣ የአናጢዎቹም ሥራ ነው ብሎ ማየቱን ቀጥሏል። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ፣ ግን የኢናራን ትዕይንቶች አሁን ሳይ ቅር ይለኛል።

እውነት ጠፈር ሄዷል ይባላል?

ቀልድ አይደለም። የናሳው ጠፈርተኛ ስቲቨን ስዋንሰን በሰኔ 2007 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲሄድ የተከታታዩንና የፊልሙን ዲስኮች ይዞ ወጥቷል። በ2009 ደግሞ ናሳ ለጣቢያው አዲስ ክፍል ስም ሕዝቡ እንዲመርጥ አራት አማራጭ አቀረበ፣ አንዱ "ሴሬኒቲ" ነበር። ወዳጆቹ ተንጋግተው ከአራቱ አንደኛ አደረጉት። ግን ኮሜዲያኑ ስቲቨን ኮልበርት ተመልካቹን አስነስቶ የራሱን ስም አስጻፈና በጠቅላላ ድምፅ በለጠ። ናሳ ሁለቱንም ትቶ "ትራንኩሊቲ" አለው። ሁለቱም ቃል ፀጥታ፣ እርጋታ ማለት ነው፣ ስለዚህ በትርጉም አሸንፈናል። ለኮሜዲያኑ የመሮጫ ማሽን ተሰየመለት።

ማንዳሎሪያንን ወድጄዋለሁ፣ ይሄንን እወደዋለሁ?

የግድ አይደለም። በ2019 የጀመረው የስታር ዋርስ ተከታታይ ማንዳሎሪያን ዝምተኛ ካውቦይ ነው፤ ሰውየው ብዙ አያወራም፣ ፊቱም በሄልሜት ተሸፍኗል። ፋየርፍላይ ላይ ዝም የሚል የለም። ለመንፈሱ የሚቀርበው የ1998ቱ የጃፓን አኒሜ ካውቦይ ቢባፕ ነው፦ ብር ያጠራቸው ሰዎች ባንድ አሮጌ መንኮራኩር፣ እየተራቡ። ኔትፍሊክስ እሱን በሰው ተዋናዮች ሠርቶ በኅዳር 2021 አውጥቶ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ሰረዘው። ይሄ ዘርፍ ዕድሜ አይሰጠውም።

ሲዝን ሁለት?

ወሬው በየጊዜው ይነሳል። መብቱ ከፎክስ ጋር በ2019 ወደ ዲዝኒ ሄዷል። ቡክን የሠራው ሮን ግላስ በ2016 አርፏል፣ ማልን የሠራው ናታን ፊሊየንም አሁን የበሰለ ሰው ነው። ታሪኩ በኮሚክ መጽሐፍ ቀጥሏል፣ የቡክ ያለፈ ሕይወትም በ2010 በወጣ ኮሚክ ተነግሯል። በድጋሚ ቢሠራ ደስ ይለኝ እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ፣ ግማሽ ልቤ ይፈራል። ያልተሠራ ነገር አይበላሽም።

በመጨረሻ፣ ልየው ወይስ ይቅርብኝ?

ባለ ሁለት ሰዓቱን መክፈቻና ከእሱ ቀጥለው ያሉትን ሁለት ክፍሎች እዩ። ሰዎቹ ካልናፈቋችሁ ተዉት፣ ከዚያ በኋላም አይመጣላችሁም። ከናፈቋችሁ ደግሞ ቀስ ብላችሁ እዩት፣ 14 ብቻ ነው ያለው።

ወንድሜ እስካሁን አልተሸነፈም። ባለፈው እሑድ መኪናውን ሲያጥብ ግን ያቺን "ከብት የጠፋበት ሰው" ያላትን ዜማ እያፏጨ ደረስኩበት። ምንድነው የምታፏጨው ስለው የሬዲዮ ነው አለኝ።